ወጪት ሰባሪ ማን ነው?

ከአባቶቻችን ስድቦች መካከል እንደ «ወጪት ሰባሪ» የሚያም ጥቂት ነው። የበላበትን ወጪት የሚሰብር ሰው ውለታ ቢስ ነው፤ ጎረቤት አያምነውም፣ ዘመድም ከማዕዱ አይጠራውም። ይህ ስድብ ግን ከጓዳ ወጥቶ ቢሮ የሚገባበት ጊዜ አለ። መንግሥት ለአንድ ደራሲ፣ ለአንድ ሠዓሊ ወይም ለአንድ ሙዚቀኛ ደመወዝ ይከፍላል። ሰውየው ሥራውን ይሠራል፤ ሥራው ግን ከፋዩን አያስደስትም። ያን ጊዜ «እያበላነው ከዳን» ይባላል።

እውነት ከድቷል? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ብዙ አገሮችም እስከ ዛሬ አልጨረሱትም። በዚህ ጽሑፍ አራት ከተሞችን እንጎበኛለን፦ ላይፕዚግን፣ ኒውዮርክን፣ ሞስኮንና ለንደንን። በመጨረሻም አዲስ አበባ እንገባለን። በየደረስንበት ሦስት ነገሮችን አብራችሁኝ ጠይቁ። ወጪቱ የማን ነው? ከዚህ ወጪት ሌላ የሚበላበት አለ ወይ? ጭልፋውንስ የያዘው ማን ነው? (የውጭ አገሮቹን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ «ዓ.ም.» የሚል ሲከተለው የእኛው አቆጣጠር ነው።)

የከተማው ተቀጣሪ

በመዘምራን ቡድን ውስጥ የምታገለግሉ ሁሉ የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን ስም ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ቢኖር፣ ይህ ታላቅ ሰው በሕይወቱ የመጨረሻ 27 ዓመታት የከተማ ምክር ቤት ተቀጣሪ መሆኑን ነው። በ1723 በጀርመን አገር ወደምትገኘው ላይፕዚግ ሲመጣ የቀጠረው የከተማው ምክር ቤት ነበር። ሥራው በቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት ልጆችን ማስተማርና ለከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ሙዚቃ ማዘጋጀት ነበር።

ምክር ቤቱ በመጀመሪያ የፈለገው እሱን አልነበረም። ቴሌማን የተባለውን ዝነኛ የዜማ ደራሲ ጠየቀ፤ እሱ ሃምቡርግን አልለቅም አለ። ቀጥሎ ግራውፕነር የተባለውን ጠየቀ፤ እሱንም ጌታው አልለቀውም። ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ፣ ምርጦቹ ካልተገኙ እንግዲህ መካከለኞቹን መውሰድ ግድ ነው የሚል ሐሳብ ሰጠ። ባኽ የተቀጠረው በዚህ ዓይነት ነው። በውሉም ላይ ሁለት ነገር አስፈረሙት። ሙዚቃው የኦፔራ መልክ እንዳይኖረው፣ ደግሞም ከከንቲባው ፈቃድ ሳያገኝ ከከተማ እንዳይወጣ።

ባኽ በዚህ ውል ውስጥ ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሳምንቱ አዲስ መዝሙር ይጽፍ ነበር ማለት ይቻላል። በዮሐንስና በማቴዎስ ወንጌል ላይ የተመሠረቱትን ሁለቱን ታላላቅ የሕማማት ሥራዎች ያሰማው በላይፕዚግ ነው። ነገር ግን ከምክር ቤቱ ጋር ሰላም አልነበረውም። በ1730 ለአለቆቹ ረጅም ማስታወሻ አቀረበ። ለመልካም የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ስንት ዘማሪና ስንት ተጫዋች እንደሚያስፈልግ ዘረዘረ። ከዚያም በእጁ ያሉትን ተማሪዎች ቆጠረ፦ 17ቱ የሚጠቅሙ፣ 20ው ገና ያልደረሱ፣ 17ቱ ደግሞ ጭራሽ የማይሆኑ ናቸው አለ። ምክር ቤቱ በበኩሉ በዚያው ዓመት ሥራውን ችላ ብሏል ብሎ ገቢውን ለመቀነስ ይመካከር ነበር።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ባኽ ለአንድ የልጅነት ወዳጁ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ገቢው 700 ታለር ገደማ እንደሆነ፣ ከዚህም አንዱ ክፍል ከቀብር ሥነ ሥርዓት የሚገኝ እንደሆነ ነገረው። ሰው በብዛት ሲሞት ገቢው ከፍ ይላል፤ አየሩ ጤናማ ሲሆን ግን ይወርዳል። ባለፈው ዓመት ሰው እንደ ወትሮው ስላልሞተ ከ100 ታለር በላይ አጣሁ ብሎ አዘነ። ነገሩ ያስቃል፤ ግን ልብ በሉ። የባኽን ወጪት ይሞላ የነበረው የከንቲባው ኪስ ብቻ አልነበረም። ዘመዱን የቀበረ ተራ የከተማ ሰውም ከፋይ ነበር።

ባኽ በ1750 ሲሞት፣ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ የሚያስፈልገን የትምህርት ቤት አስተማሪ እንጂ የሙዚቃ አለቃ አይደለም የሚል ድምፅ ተሰማ። ላይፕዚግ ለባኽ ከፍላለች፤ ማን እንደሆነ ግን በደንብ አልገባትም። ቢሆንም እያንዳንዱን የዜማ ምልክት ካላረምንልህ አላለችውም። ስለ ደመወዝ ተጨቃጨቁ፣ ስለ ሥርዓት ተጨቃጨቁ፤ ብዕሩን ግን ከእጁ አልነጠቁትም። ቀጥሎ የምናያቸው ሁለት ታሪኮች ስለ ብዕሩ ናቸው።

«ኢትዮጵያ» የተባለው ተውኔት

ከባኽ ዘመን ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ እንለፍና አትላንቲክን እንሻገር። በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ወደቀ። በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ አጥ ነበር። ተዋንያንና ሙዚቀኞች ደግሞ ከሌላው ቀድመው ተጎድተው ነበር፤ ድምፅ ያለው ፊልምና ሬዲዮ ሲመጡ በየከተማው ያሉ መድረኮች ተዘግተውባቸዋልና። በ1935 የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ለሥራ አጦች ትልቅ የሥራ ፕሮግራም ሲጀምር፣ መንገድና ድልድይ ከሚሠሩት ጋር ሠዓሊያንን፣ ጸሐፍትን፣ ሙዚቀኞችንና ተዋንያንን አብሮ ቀጠረ። የፕሮግራሙ ኃላፊ ሃሪ ሆፕኪንስ ለዚህ የሰጡት ምክንያት አጭር ነበር፦ የጥበብ ሰውም እንደ ማንኛውም ሰው መብላት አለበት።

የቴአትሩን ክፍል እንድትመራ የተሾመችው ሃሊ ፍላናጋን የተባለች የኮሌጅ መምህርት ነበረች። ፕሮጀክቱ በተጧጧፈበት ጊዜ ከ12,000 በላይ ሰዎች ይሠሩበት ነበር። ብዙዎቹ ትርኢቶች ነጻ ወይም በጣም ርካሽ ስለነበሩ፣ ቴአትር አይተው የማያውቁ ሚሊዮኖች አዩ። በኒውዮርክ ደግሞ አዲስ ሐሳብ ተወለደ፤ ስሙ «ሕያው ጋዜጣ» ተባለ። ሥራ ያጡ ጋዜጠኞች የዘመኑን ወሬ ያጠናሉ፣ ተዋንያን በመድረክ ያሳዩታል።

የመጀመሪያው «ሕያው ጋዜጣ» ምን ስም የተሰጠው ይመስላችኋል? «ኢትዮጵያ»።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወርሮ ነበር። የኒውዮርክ ጸሐፍት ይህን ጉዳይ መረጡ። ሙሶሊኒን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ የእንግሊዝንና የፈረንሳይን ባለሥልጣናት በመድረክ ላይ አቆሙ። ያናገሯቸውም በአብዛኛው በጋዜጣ የወጣውን የራሳቸውን ቃል ነበር። አዘጋጆቹ ዓለም አንዲትን አገር ስትወረር ቆሞ እንዴት እንዳየ ለሥራ አጡ የኒውዮርክ ሕዝብ ሊያሳዩት ፈለጉ።

ወሬው ዋሽንግተን ደረሰ። መንግሥት ደነገጠ። አሜሪካ በጦርነቱ ገለልተኛ ነኝ ብላ ነበር፤ የሚከፈለው ተዋናይ የመንግሥት ተቀጣሪ ነው፤ እሱ በመድረክ ላይ ሙሶሊኒን ሆኖ ቢታይ ሮም የአሜሪካ መንግሥት ሰደበኝ ልትል ትችላለች። ስለዚህ ጄኮብ ቤከር የተባለ የፕሮግራሙ ባለሥልጣን ትእዛዝ ጻፈ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ካልፈቀደ በስተቀር የየትኛውም የውጭ አገር መሪም ሆነ ሚኒስትር በመድረክ ላይ አይታይም። በዚህ ትእዛዝ ተውኔቱ ሞተ ማለት ነው፤ መሪዎቹ ከወጡለት ምን ይቀረዋል?

የኒውዮርኩ ኃላፊ ኤልመር ራይስ የታወቀ ጸሐፌ ተውኔት ነበር። ይህ ከሆነ ሥራዬን እለቃለሁ ብሎ አስጠነቀቀ። ቤከር አልለመነውም፤ የመልቀቂያውን መቀበያ ደብዳቤ አስቀድሞ ጽፎ ይዞት ነበር። ራይስ ከመሄዱ በፊት ጋዜጠኞችን ጠርቶ ተውኔቱን አንድ ጊዜ በልምምድ መልክ አሳያቸው። ቀኑ ጃንዋሪ 24፣ 1936 ነበር፤ በእኛ ጥር 15 ቀን 1928 ዓ.ም.። በዚያው ሳምንት በተምቤን ተራሮች በራስ ካሳና በራስ ሥዩም የሚመራው ሠራዊት ከጣሊያን ጦር ጋር ተናንቆ ይዋጋ ነበር፤ ጠላትም የመርዝ ጋዝ ይጠቀም ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ ስለዚያ ጦርነት የተጻፈው ተውኔት ለሕዝብ ሳይከፈት ተዘጋ።

እዚህ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። የቤከር ስጋት ባዶ አልነበረም፤ መንግሥት በራሱ ገንዘብ የሚነገረው ሁሉ በራሱ አፍ እንደተነገረ እንደሚቆጠር ያውቅ ነበር። ራይስም ተሳስቷል ማለት አይቻልም፤ ስለ እውነተኛ ጉዳይ መናገር የማይችል «ሕያው ጋዜጣ» ሕያው አይደለም። የሁለቱ ጭቅጭቅ መነሻ ያልተመለሰው ጥያቄ ነው፦ ወጪቱ የማን ነው? ቤከር የመንግሥት ነው ብሎ አሰበ። ራይስ ግን የግብር ከፋዩ ነው ብሎ አሰበ።

ፕሮጀክቱ በዚህ አላበቃም። ከሦስት ወር በኋላ በሃርለም፣ የ20 ዓመቱ ኦርሰን ዌልስ ጥቁር ተዋንያንን ብቻ ይዞ «ማክቤዝ»ን አሳየ፤ ሕዝቡ መንገዱን ዘጋው። «ሕያው ጋዜጣ»ም ስለ ገበሬዎች፣ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ መኖሪያ ቤት ችግር ሌሎች ተውኔቶችን አወጣ። በጸሐፍቱ ክፍል የተቀጠሩ ሰዎች ደግሞ በ17 ክፍለ ግዛቶች እየዞሩ በባርነት የኖሩ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን አነጋገሩ፤ ከ2,300 በላይ የሕይወት ታሪኮችን ጻፉ። እነዚያ ሽማግሌዎች ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ያ ገንዘብ ባይከፈል ኖሮ ድምፃቸው አብሯቸው ይቀበር ነበር።

በ1937 ግን ስለ ብረት ሠራተኞች የተጻፈ አንድ የሙዚቃ ድራማ ሊከፈት ሲል በበጀት ቅነሳ ስም ታገደ፤ ቴአትር ቤቱም ተቆለፈ። ተመልካቹ በእግሩ ወደ ሌላ ቴአትር ቤት ሄደ። የዜማው ደራሲ ማርክ ብሊትስታይን ብቻውን መድረክ ላይ ከፒያኖ ፊት ተቀመጠ። ተዋንያኑ መድረክ ላይ መውጣት በማኅበራቸው ተከልክለው ስለነበር፣ ከተመልካቹ መካከል ከየወንበራቸው እየተነሡ ዘፈኑ። በ1938 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ኮሚቴ ፍላናጋንን ጠርቶ መረመራት። አንዱ ተወካይ በጽሑፏ ውስጥ የጠቀሰችው ክሪስቶፈር ማርሎ ኮሚኒስት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ማርሎ በ1593 የሞተ እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔት ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የብዙ ሺህ ሰዎች እንጀራ በዚያ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጁን 30፣ 1939 ምክር ቤቱ የቴአትር ፕሮጀክቱን በጀት አቋርጦ ዘጋው።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ሞስኮ

አሁን ወደዚያው ሳምንት እንመለስና ሌላ ከተማ እንይ። በኒውዮርክ «ኢትዮጵያ» በተዘጋ በአራተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 28፣ 1936፣ ዲሚትሪ ሾስታኮቪች የተባለ የ29 ዓመት የዜማ ደራሲ ለኮንሰርት በሄደበት በሰሜን ሩሲያ ከባቡር ጣቢያ «ፕራቭዳ» ጋዜጣን ገዛ። በጋዜጣው ውስጥ ስለ እሱ ኦፔራ የተጻፈ ጽሑፍ አገኘ። የጸሐፊው ስም የለውም። ሙዚቃው ትርምስ ነው ይላል፤ ደራሲው በዚህ መንገድ ከቀጠለ መጨረሻው እንደማያምርም ያስጠነቅቃል።

ያ ኦፔራ «የምትሴንስክ ወረዳዋ እመቤት ማክቤዝ» ይባላል። ለሁለት ዓመት ያህል በሌኒንግራድና በሞስኮ ሲታይ፣ ሲደነቅ፣ ሲጨበጨብለት የነበረ ነው። ከጽሑፉ ሁለት ቀን በፊት ግን ስታሊን ራሱ መጥቶ አየው፤ ሳያልቅም ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ኦፔራው ከመድረክ ወረደ፤ ትናንት ያመሰገኑት ሐያስያንም ተገለበጡ።

የሶቪየት መንግሥት ለኪነ ጥበብ ስስታም እንዳልነበረ እወቁ። በ1932 የጸሐፍትን ልዩ ልዩ ቡድኖች ሁሉ አፍርሶ፣ በ1934 አንድ የደራስያን ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ አባል የሆነ ደራሲ ቤት፣ ሕክምና፣ የበጋ ማረፊያ፣ ብድርም ያገኝ ነበር። መጻሕፍት በብዙ ቅጂ ይታተሙ ነበር። በዚያ ዘመን ከሞስኮ ደራሲ የበለጠ በመንግሥት የተያዘ ደራሲ ማግኘት ይቸግራል። ነገር ግን ማተሚያ ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ቴአትር ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ጋዜጣው፣ አዳራሹ፣ የመኖሪያ ቤቱ ቁልፍ ሳይቀር የመንግሥት ነው። ሁለተኛው ጥያቄያችን እዚህ ይመጣል፦ ከዚህ ወጪት ሌላ የሚበላበት አለ ወይ? አልነበረም።

ልዩነቱ ከባድ ነው። ኤልመር ራይስ ሥራውን ለቀቀ፣ በጋዜጣ ተናገረ፣ ወደ ራሱ ድርሰትም ተመለሰ፤ በኒውዮርክ ሌሎች ቴአትር ቤቶች ነበሩና። ሾስታኮቪች ወዴት ይሂድ? በዚያው ዓመት መጨረሻ በልምምድ ላይ የነበረውን አራተኛ ሲምፎኒውን ራሱ መለሰው። ያ ሥራ ለሕዝብ የተሰማው በ1961 ነው፤ 25 ዓመት ተኛ። በ1937 አምስተኛውን አቀረበ፤ ጆሮ አገኘ፣ እሱም ተረፈ። ሌሎች አልተረፉም። ስታሊንን የሚነቅፍ ግጥም ጽፎ የተያዘው ገጣሚው ማንደልስታም በ1938 በእስረኞች መሸጋገሪያ ካምፕ ሞተ። ደራሲው ባቤልና የቴአትር አዘጋጁ ሜየርሆልድ በ1940 መጀመሪያ ተረሸኑ። ከአንድ ወጪት ብቻ የሚበላ ሰው፣ ወጪቱ ሲነሣበት የሚያጣው ምሳውን ብቻ አይደለም።

ጭልፋውን ማን ይያዝ?

ሦስተኛው ጥያቄ ወደ ለንደን ይወስደናል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደተጀመረ የእንግሊዝ ቴአትር ቤቶችና አዳራሾች ተዘግተው ነበር። በ1940 መጀመሪያ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት 25,000 ፓውንድ ሰጠ፤ መንግሥትም ያንኑ ያህል ጨመረ። በዚህ ገንዘብ ሙዚቀኞች በፋብሪካ ምግብ ቤቶች ተጫወቱ፤ የታወቁ ተዋንያን በዌልስ ወደሚገኙ የማዕድን ቆፋሪዎች መንደሮች ሄደው ሼክስፒርን አሳዩ። ከ1942 ጀምሮ ሥራውን የመራው ጆን ሜይናርድ ኬንስ ነበር፤ አዎን፣ ኢኮኖሚክስ የምትማሩ የምታውቁት ያው ኬንስ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ይህ ሥራ ቋሚ ሆነ። በ1946 የኪነ ጥበብ ምክር ቤት በንጉሣዊ ቻርተር ተቋቋመ። የአሠራሩ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ፓርላማው የገንዘቡን መጠን ይወስናል፤ ገንዘቡ ለየትኛው ቴአትር፣ ለየትኛው ኦርኬስትራ እንደሚሰጥ ግን የሚወስነው ሚኒስትሩ ሳይሆን ምክር ቤቱ ነው። እንግሊዞች ይህን በክንድ ርዝመት መራቅ ብለው ይጠሩታል። ሚኒስትሩ ድስቱን ይሞላል፤ ጭልፋውን ግን ሌላ ሰው ይይዛል። ስለዚህ አንድ ተውኔት ሚኒስትሩን ቢያስቆጣው፣ ጠርቶ የሚቆጣው የራሱ ተቀጣሪ የለም። ይህን አሠራር በኋላ ካናዳና ሌሎች አገሮችም ወስደውታል።

ይሁን እንጂ ለንደንን ገነት አናድርጋት። ኬንስ ምክር ቤቱን እየመራ ሳለ ከምክር ቤቱ ገንዘብ የሚቀበለው የኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤት ሰብሳቢም ነበር። ትልቁ ድርሻ ወደ ዋና ከተማዋ ይሄዳል የሚለው ቅሬታም ለረጅም ዘመን አልተለየም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን እነሆ፦ በ1946 ገንዘቡን ከሚኒስትሩ እጅ ያራቀችው አገር፣ ማንኛውም ተውኔት ከመታየቱ በፊት በቤተ መንግሥት ሹም እንዲመረመር የሚያዘውን ሕግ አልሻረችም ነበር። ሳንሱሩ በ1737 ሕግ ሆኖ ተደነገገ፤ የተሻረው በ1968 ነው። ለ22 ዓመታት በአንድ አገር ውስጥ አንዱ ቢሮ በነጻነት ይሰጥ ነበር፤ ሌላው ቢሮ በሰማያዊ እርሳስ ይሰርዝ ነበር። ጭልፋው ትክክለኛ እጅ ውስጥ ቢሆንም በሩ ላይ ቆሞ የሚከለክል ካለ ማዕዱ አይደረስም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን ባለቅኔውም ሆነ አዝማሪው ከጌታ ማዕድ በልቶ ጌታን በሰምና ወርቅ የመንካት የቆየ ልማድ አለው። ሰሙ ያመሰግናል፣ ወርቁ ይወቅሳል፤ ጌታውም ገብቶት ይሥቃል ወይም ይቆጣል። ስለዚህ ጥያቄው ለእኛ አዲስ አይደለም።

በ1948 ዓ.ም.፣ የንጉሡ የ25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ሲከበር፣ በአዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው። በመክፈቻው የታየው «ዳዊትና ኦሪዮን» የተባለ ተውኔት ሲሆን፣ ደራሲው በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መኮንን እንዳልካቸው ናቸው። ነገሩን አስተውሉት። ቤቱን ያሠሩት ንጉሡ፣ ተውኔቱን የጻፉት ጠቅላይ ሚኒስትሩ፤ ርእሱ ደግሞ ንጉሥ ሚስቱን የነጠቀው፣ ለሞትም የላከው የኦርዮ ታሪክ።

ታሪኩን ከሰንበት ትምህርት ታውቁታላችሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ዳዊትን የሚወቅሰው ነቢዩ ናታን ነው። ናታን ከውጭ የመጣ ጠላት አልነበረም፤ በቤተ መንግሥቱ የሚሰማ ሰው ነበር። የመጣውም ተረት ይዞ ነው፤ አንዲት በግ ብቻ ስላለችው ድሃና በጉን ስለወሰደበት ባለጠጋ። ንጉሡ በተረቱ ውስጥ ራሱን ሲያገኝ ናታንን በልቶ ከዳኝ አላለውም። በደሌን አለ እንጂ። በዚያ መድረክ ፊት የተቀመጡት የዘመኑ ባለሥልጣናት ይህን ያሰቡት ይሁን አይሁን እያንዳንዱ ልቡ ያውቃል።

በደርግ ዘመን ታሪኩ የሞስኮን መልክ ያዘ። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ አየና በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉን ያወጣው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የመንግሥት ነበር። ሰው ተሻማበት። ጥቂት ሳይቆይ ግን መጽሐፉ ታገደ፣ በዓሉም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። በአንድ እጁ ያሳተመው መንግሥት በሌላው እጁ ሰበሰበው። ማተሚያው፣ ደመወዙና ፍርዱ ሁሉ በአንድ ቤት ነበርና፣ ደራሲውን ከዚያ ቤት ቁጣ የሚያስጥል ሌላ ቤት አልተገኘም።

እንግዲህ ማን ሰበረው?

ወደ ተነሣንበት ስድብ እንመለስ። አንድ ሰው በግል ቤቱ ጋብዞ ቢያበላችሁና ወጪቱን ብትሰብሩበት ስድቡ ይገባችኋል። የመንግሥት ገንዘብ ግን የባለሥልጣኑ ጓዳ አይደለም። በላይፕዚግ የሟች ዘመዶች ከፍለዋል። በኒውዮርክ ግብር ከፋዩ ከፍሏል፤ ሥራ ሲያገኝ ደግሞ ሥራ አጡም ይከፍላል። በአገራችን ገበሬው፣ ነጋዴውና ደመወዝተኛው ይከፍላሉ። ባለሥልጣኑ ወጪቱን የሚያቀርብ እንጂ የወጪቱ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ ከሕዝብ ወጪት የበላ ደራሲ ለሕዝብ እውነት ሲናገር ወጪት አልሰበረም። ወጪት የሰበረው፣ እውነቱን ደብቆ ደመወዙን የተቀበለ ሲሆን ነው።

ይህ ማለት ግን የጥበብ ሰው ለማንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። የሕዝብን ገንዘብ የወሰደ ሥራውን ጠንቅቆ መሥራት አለበት። ባኽ ከአለቆቹ ጋር እየተጨቃጨቀም ለሚቀጥለው እሑድ ዝግጁ ነበር። ፍላናጋንም ኮሚቴው ፊት ቀርባ ሒሳቧን አስረድታለች። ደግሞም መንግሥት አይስጥ ማለት መፍትሔ አይሆንም። ማንም ባይሰጥ ኖሮ የእነዚያ በባርነት የኖሩ ሽማግሌዎች ታሪክ አይጻፍም ነበር፤ የዌልስ ቆፋሪዎችም ቴአትር አያዩም ነበር። ጥበብ ለሀብታም ብቻ ሲቀር ድሃው ከማዕዱ ውጭ ይሆናል።

ከእናንተ መካከል ነገ ግጥም የሚጽፍ፣ ሥዕል የሚሥል፣ ድራማ የሚያዘጋጅ ይኖራል። የሚከፍል ሰውም ይመጣል፤ መንግሥት ሊሆን ይችላል፣ ድርጅት ሊሆን ይችላል፣ ለመዘምራኑ ኪቦርድ የገዛ አንድ ባለጠጋ ወንድምም ሊሆን ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች አንሡ። ገንዘቡ በእውነት የማን ነው? እሱ ቢቀርብኝ ሥራዬን የምቀጥልበት ሌላ መንገድ አለኝ ወይ? ምን እንደምጽፍና ምን እንደምዘምር የሚወስነው ማን ነው? መልሱ ሁልጊዜ እምቢ በሉ አይሆንም። ባኽ ውሉን ፈርሟል።

በሚቀጥለው የቡድን ስብሰባችሁ ግማሻችሁ የጄኮብ ቤከርን፣ ግማሻችሁ የኤልመር ራይስን ወገን ይዛችሁ ተከራከሩ። ጉዳዩ አገራችን ስትወረር ስለ እኛ የተጻፈው ተውኔት ነው፤ ይታይ ወይስ አይታይ? ቤከርን የምትወክሉት ክርክሩን አታቅልሉት፤ እሱም የሚጨነቅበት ምክንያት ነበረው።